የጠማማው ባፈና ሰባተኛ መስኮት

«ለመሆኑ ጠማማው ባፈና ዕድሜው ስንት ነበር?»

ከአንኮበር የመጡት አዛውንት ይህን ሲጠይቁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች እጃቸው ባለበት ቆመ። አንዱ አዛውንቱን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። ሰው ሞቶ ገና በሦስተኛው ቀን፣ ያውም በገዛ ደጁ ተቀምጠው፣ እንዲህ ባለ ቅጽል ስም አይጠሩትም።

ተቀመጪ ቢሏት እምቢ ብላ ንፍሮ የምታድለው የሟቹ ልጅ ወለተሐና ፊታቸው ቆመች።

«ሃምሳ ስምንት። ስሙን ደግሞ ይወደው ነበር፤ እንደልብዎ ይጥሩት» አለቻቸውና እጃቸው ላይ ንፍሮ ዘገነችላቸው።

ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይነጋገራሉ። አንዱ የአባቷ ታናሽ ወንድም ብርሃነ መስቀል ነው። ሌላው አቶ ቴዎፍሎስ፣ አንኮበር ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የእድሳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አናጢው ባፈና ለቤተ ክርስቲያኗ ሰባት የመስኮት ሰሌዳ ሊሠራ ቃል ገብቶ፣ ስድስቱን ገጥሞ፣ ሰባተኛውን ሳይቆርጥ ሞተ።

«እዚሁ ደብረ ብርሃን በኮምፒውተር የሚቆርጡ ልጆች አግኝቻለሁ» ይላሉ አቶ ቴዎፍሎስ። «በዓሉ ደርሷል፣ እናንተ ደግሞ ሐዘን ላይ ናችሁ። መስኮቱን ራሴ በሜትር ለክቼዋለሁ።»

ወለተሐና ሰፌዱን እንደያዘች ጠጋ አለች።

«ጋሼ ቴዎፍሎስ፣ የትኛውን ወርድ ነው የለኩት?»

«መስኮት ስንት ወርድ አለው ልጄ?»

«ያ መስኮት ሲያንስ ሲያንስ አራት።»

አቶ ቴዎፍሎስ ክፉ ሰው አይደሉም። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

አምና ከአባቷ ጋር አንኮበር የወጡ ቀን እሱም ሜትሩን አውጥቶ ነበር። መስኮቱ ላይ አንድ ጊዜ ዘረጋውና መልሶ ኪሱ ከተተው። የጥንቱ ግንብ ድንጋይ አንዱ ሆዱ ወጥቷል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ የሚባል የለውም። ግንበኛው መሮውን አንስቶ «ትንሽ ትንሽ ልጥረብልህና ቀጥ ይበልልህ» ቢለው ባፈና እጁን ያዘው።

«ድንጋዩን ያስቀመጡት ሰዎች ምን አጠፉ? እኔ ልጥመምላቸው።»

የፍሪጅ ካርቶን በእያንዳንዱ መስኮት ላይ ለጥፎ የድንጋዩን ዳር በጣቱ እየተከተለ ሲያሰምር ዋለ። በኋላ የተቆረጡት ሰሌዳዎች አይሱዙ ላይ ተጭነው ሲደርሱ አገር ሳቀ። ጠማማ፣ አሉት። ስድስቱ ሰሌዳዎች ቦታቸው ገብተው በዳራቸው የብርሃን ክር እንኳን ሳያሾልኩ ሲቀሩ ሳቁ ቆመ። ስሙ ግን ቀረ።

ከዚያ የቆየ ሳሉ ባሰበት።

«አቧራው ነው የበላው» አለች እናቷ አስካለማርያም፣ ከቀብር እንደተመለሱ። «ያ የእንጨት መቁረጫ ማሽን ከቤቴ ይውጣልኝ።» ብርሃነ መስቀልም እሺ ብሎ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጫጫ ወዳለው ቤቱ ሊወስደው ነው።

«አጎቴ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትጭነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«አሁን አምስት ነው። ይበቃኛል።»

ሰፌዱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ገባው፤ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ወለቴ! በሠልስቱ? ሰው ምን ይላል?»

«ጠማማ ይበለኛ።»

የእንጨት ሥራ ቤቱ ከድንኳኑ ጀርባ ነው። የዋንዛው ሰሌዳ አባቷ እንዳሰረው ጠረጴዛው ላይ አለ። መስመሩን ከካርቶኑ ላይ ገልብጦ በእርሳስ ጨርሶታል። በቀኝ በኩል ወደ ታች፣ መስመሩ ወደ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ «እዚህ ጋ ድንጋዩ ሆድ አለው» ብሎ ጽፏል። እጁ ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው ይህን ነው።

ራውተሩን፣ ያንን መቁረጫ ማሽን፣ በሁለት እጇ ጨብጣ አስነሳችው። ጩኸቱ የቆርቆሮውን ግድግዳ አንቀጠቀጠው። ድንኳኑ ውስጥ ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ።

አንድ ስንዝር ያህል እንደሄደች መስመሩ ጠፋባት። ዱሮ ማሽኑን የሚነዳው እሱ ነበር፤ እሷ ከፊቱ ጎንበስ ብላ አቧራውን ከመስመሩ ላይ እፍ ትላለች። አሁን ሁለቱንም መሆን አለባት። አጠፋች፣ እፍ አለች፣ አስነሳች። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የሚሽከረከረው ጥርስ እንጨቱን ነክሶ ወደ ጎን ወሰዳት። ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። «ወደ ጎተተሽ አትሂጂለት» ይላት ነበር፤ «አንቺ ነሽ የምትነጂው።» ወደ መስመሩ መለሰችው።

እንደገና ስታጠፋ እናቷ በሩ ላይ ቆማለች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ክንዷን ይዘዋል።

«እማ፣ ከዚህ በኋላ ይውጣ። ይሄን ግን ማንም ቢመጣ እቆርጠዋለሁ።»

አስካለማርያም የልጇን ከንፈር ታያለች፤ አቧራ ለብሷል።

«አፍሽን ሳትሸፍኚ?»

ክንዷን ከሴቶቹ አስለቀቀችና የሐዘን ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችው።

«ኧረ እትዬ አስካለ፣ ራስሽ!» አለች አንዷ።

«ይታያ! የማን ራስ ነው?»

ሻሹን በልጇ አፍና አፍንጫ ላይ አዙራ ከማጅራቷ ሁለት ጊዜ ቋጠረችው። ከዚያ ጠረጴዛውን አየች። ስንት ዘመን ከባሏ ልብስ ላይ ስታራግፈው የኖረችው አቧራ መስመሩን ሸፍኖታል።

«አስነሺው» አለች።

ማሽኑ ጮኸ። አስካለማርያም የተገለጠ ራሷን ሰሌዳው ላይ ዝቅ አደረገችና እፍ አለች። የባፈና ጠማማ መስመር ከአቧራው ሥር ብቅ አለ።