የቄስ ጾም

ይግዛው በስቅለት ዕለት የሰገደውን ስግደት የሰቆጣ ሰው ገና አልረሳውም። ቢረሳውም እሱ ራሱ ያስታውሰዋል። የፍየል ነጋዴ ነው፤ ከቆላው ከኒሯቅ ገዝቶ ሰቆጣ አምጥቶ ይሸጣል። በንግድም ሆነ በጸሎት ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያውቅም። ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ወንዱም ሴቱም ከሚያየው ቦታ ላይ ቆሞ፣ ግንባሩ አፈር እስኪለብስ ድረስ ወደቀ፣ ተነሣ። አፈሩን ላለመጥረግ የተጠነቀቀውን ያህል ለሌላ ነገር ተጠንቅቆ አያውቅም። ማምሻውን ካህናቱ በወይራ ቅጠል የምእመኑን ጀርባ ቸብ ቸብ እያደረጉ የንስሐ ስግደት ሲያዝዙ፣ ሌላው ሰው የታዘዘውን ተቀብሎ ዞር ይላል። ይግዛው ግን ጀርባውን እንደሰጠ ቀረና «አባቴ፣ ይጨምሩልኝ» አለ።

ይህም አልበቃውም። ሰው ሊበተን ሲል ከቅጥሩ መሐል ቆሞ፣ ዘንድሮ ከሚስቱ ጋር እንደሚቆርብ ተናገረ። ቀኑ እልልታ የማይፈቀድበት ሆኖ እንጂ እልልታ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ያጽናህ» አሉት። እሱም የታወቀ ጻድቅ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፋ።

ሚስቱ ዝናሽ ከሴቶቹ በኩል ሆና ይህን ሁሉ ሰማች። አፈረችበት። ግን ደስ ብሏታል፤ ደስታዋም የዋዛ አልነበረም። እንደሚታወቀው በሰማንያ የተጋባ ይፋታል፤ አብሮ የቆረበን ባልና ሚስት ግን የሚለየው ሞት ብቻ ነው። ሰው ቁርባንን የሚፈራውም ለዚህ ነው፤ ጉልበቱ እስኪደክምና ዓይኑ መዞር እስኪተው ይቆያል። ዝናሽ ግን የምትፈልገው ዛሬ ነበር። ይግዛው አንድ ጊዜ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ እሄዳለሁ ብሎ ወጥቶ፣ እዚያው ከሌላ ሴት ጋር ጎጆ ቀልሶ ቀርቶባታል። እሷ ልጃቸውን እየሩስን አዝላ ጉልት ላይ በርበሬና ሽሮ እየሸጠች ከረመች። ወደ ቤቱ የመለሰውም ፍቅር አልነበረም፤ ጦርነት ነው። ሽማግሌ ገባና ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ለገበያ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ድረስ የምትበላው አይጥማትም። አብሯት ቢቆርብ ግን ወዴት ይሄዳል?

የንስሐ አባታቸው ቄስ ገብረ ሊባኖስ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ይግዛው ገና የፋሲካው ዶሮ ሳያልቅ ሄዶ በሚመጣው እሑድ ያቁርቡን አላቸው። ቄሱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«ልጄ፣ በስቅለት ዕለት ጻድቅ ያልሆነ ማን አለ? እስቲ የሰኔን ጾም ጹምና አሳየኝ። ሁለታችሁም ደኅና አድርጋችሁ ከጾማችሁ፣ ሐምሌ አምስት በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቀን አቆርባችኋለሁ።»

ይግዛው ተከፋ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ቄሱ በደግነታቸው አልተረቱበትም። እሱ ግን ከገበያ ዶቃው ትልልቅ የሆነ መቁጠሪያ ገዝቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ መነኩሴ እንኳ እንዲህ ያለውን የሚይዘው በእጁ ነው።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ጊዜ ለደስታ ሰጠች፤ ይግዛው ለእንቅልፍ ተቀበለው። እሑድ ጠዋት ዝናሽ ቅዳሴ ደረሰ ብላ ስትቀሰቅሰው «ክርስቶስ ተነሥቷል» ይልና ወደ ግድግዳው ይዞራል። ዳዊት ድገም ስትለው የደስታ ጊዜ ነው ይላታል። ረቡዕ ሥጋ፣ ዓርብ ሥጋ፣ በመሐሉ ጠላ። ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ሕግ አልጣሰም፤ ሰነፍ ሰው ደግሞ የተፈቀደለትን የሚያህል መደበቂያ የለውም። ዝናሽ በአፏ ምንም አትለውም። በልቧ ግን በእናቷ ቋንቋ በኽምጣኛ ትሰድበዋለች፤ አማርኛው ለእንዲህ ያለው ሰው ይለሰልስባታል።

የሰኔ ጾም ገባ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጾመ፤ መጾሙን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያዛጋል። ከዚያ ዝናቡ ሳይጠናና መንገዱ ሳይበላሽ ፍየል ላምጣ ብሎ ወደ ኒሯቅ ወረደ። መቁጠሪያውንም አጥልቆ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የዝናሽ የአክስት ልጅ ዘመናይ ከኒሯቅ ለገበያ መጥታ እነሱ ዘንድ አረፈች። ዘመናይ ወሬ ትወዳለች እንጂ ክፋት የላትም። እግሯን እየታጠበች ይግዛውን ታመሰግን ጀመር። ይስማው የሚባል ነጋዴ ቤት ፍየል ታርዶ ነበር አለች። ሰዎቹ ጾም ነው አይደለም እያሉ ሲያቅማሙ፣ ይግዛው ይህ የቄስ ጾም ነው፤ ምእመኑን አይመለከትም ብሎ አስረዳቸው። ቀጥሎም ከሁሉ ሃይማኖተኛ እሱ ስለሆነ ባርክልን አሉትና በስመ አብ ብሎ ባረከላቸው። ሁሉም ያለ ስጋት በሉ።

«ደግሞ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ሰው ነው» አለች ዘመናይ። «መቁጠሪያውን ጮማ እንዳይነካበት አውልቆ ለእኔ አስያዘኝ።»

ዝናሽ ሳቀች፤ ሳቁ ራሷን አስደነገጣት። ከዚያ ለዘመናይ ሽሮ አቀረበችላትና ወደ ጓዳ ገብታ ቆመች። ለዚያ ሰው ምን ዓይነት ስድብ እንደሚበቃው በሁለት ቋንቋ ፈልጋ አጣችው።

ይግዛው ሲመለስ ጠየቀችው። አልካደም፤ መካድ እንኳ አንድ ዓይነት እፍረት ይጠይቃል። የሰኔ ጾም የቄስ መሆኑን አባቱም አያቱም ያውቁ ነበር አላት። እንግዲያው ይህንኑ ለቄስ ገብረ ሊባኖስ ንገራቸው ብትለው፣ ሽማግሌ ማስከፋት ነውር ነው አለ። ንስሐውንማ ገብቷል። የተናዘዘውም የጎረቤት ውሻ በድንጋይ መምታቱን ነው።

«ጋቢው ተሸምኗል» አለ ቀጥሎ። «ደግሰው ከሰሃላ በእግሩ ሊመጣ ነው። ጠላው ተጠምቋል። አሁን ቀረ ብንል ሰው ምን ይለናል?»

ደግሰው ታላቅ ወንድሙ ነው። ስለ ጋቢውና ስለ ደግሰው ሲናገር ፊቱ ላይ ያየችው ጭንቀት እውነተኛ ነበር። ስለ እግዚአብሔር ግን አንድ ቃል አልወጣውም። የጌታን ሥጋና ደም ሊቀበል የሚሄደው ለአዲስ ጋቢ ሲል ነው።

ዝናሽ ለቄሱ መንገር ትችል ነበር። ብትነግር ግን ቁርባኑ ይቀራል፤ ይግዛው ያፍራል፤ እፍረቱን ሰበብ አድርጎ ሁመራ ይወርዳል። ዝም ብትል የሷ ይሆናል፤ እስከ ሞት። ይህን አሰበችና ዝም አለች። ስትንቀው የከረመችው ሴት እሱ ለበላው ሥጋ መክደኛ ሆነች። ባይሆን ጾሟን አጠበቀች፤ የሱንም ድርሻ የምትጾምለት ይመስል ማምሻውን አንድ ጊዜ ብቻ የተልባ ፍትፍት ትቀምሳለች። ጎረቤቶች ከስተሻል ሲሏት ደስ ይላታል፤ ባሏን ታየውና ከሱ መሻሏን ታስባለች።

ሐምሌ አምስት ነጋ። ካለፈው ቀን ከሰዓት ጀምሮ የሁለቱም አፍ ውሃም አልነካም። ደግሰው ሲመሽ ደርሶ በመደቡ ላይ ተኝቷል። ድፎ ዳቦው ቄሱ እስኪባርኩት በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ደወል ሲሰማ ይግዛው አዲሱን ጋቢ ለብሶ ከግድግዳው መስተዋት ፊት ቆመ። የቆረበ ሰው ከቤተ መቅደስ ሲወጣ አፉን በልብሱ ይሸፍናል። ይግዛው ያንን ይለማመድ ነበር። የጋቢውን ጫፍ አንሥቶ አፉን ሸፈነ፤ አልጣመውም፤ ጥለቱ ወደ ውጭ እንዲታይ አገላብጦ ደግሞ ሸፈነ። ወደ እሷ ዞሮ እንዲህ ነው? አላት።

ዝናሽ አየችው። ሳቋ ሊመጣ ነበር። ግን ከመስተዋቱ ውስጥ ከሱ ኋላ ራሷን አየች፤ ነጠላ አደግድጋ፣ ጉንጯ ገብቶ፣ ዓይኗን እሱ ላይ ተክላ። እሱ ለጋቢ ሊቆርብ ነው። እሷስ? ያን ሁሉ ጊዜ የጾመችው ይህን ሰው ለማሰር ነው። ሥጋ ወደሙን ለፍየል ነጋዴ ማሰሪያ ገመድ ልታደርገው ነው። ንቀቷ እንዳለ ዞሮ እሷኑ አገኛት። ያን ጊዜ ፈራች፤ ከሁመራም፣ ባል አልባ ከመቅረትም ይልቅ ይህን ፈራች።

ጨርቁን ገለጠችና ዳቦውን ቆረሰች። በቁሟ፣ እሱን እያየች፣ አላምጣ ዋጠች።

ይግዛው የጋቢውን ጫፍ ከአፉ ላይ አወረደ። እንዲቆጣ ጠበቀች። ቢቆጣ ኖሮ ምናልባት እግሩ ላይ ትወድቅ ነበር። እሱ ግን ትከሻው ወረደ፤ ፊቱ ላይ የመጣው እፎይታ ነበር፤ ሸክም የወረደለት አህያ እንኳ እንዲህ አይቀለውም። ከወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር አልፈቀደም ማለት ነው» አለ። ዳቦውን አየ። «ለእኔም ቁረሺልኝ።»

ቆርሳ ሰጠችው።

ረፋዱ ላይ ለደግሰውና ለደረሱት እንግዶች ሁሉ፣ እሱ ተዘጋጅቶ ሳለ ሚስቱን ሆዷ እንዳሸነፋት እያዘነ ይነግራቸው ነበር። የሴት ነገር ምን ይደረጋል ይላል፤ ይተነፍሳል፤ ጠላውን ይጎነጫል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ደግሰው ወንድሙን አጽናና፤ እሷን ገላመጣት። ዝናሽ ማሰሮውን ከመሐላቸው አስቀመጠችላቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

ቅዳሴው እያለቀ ነበር። ከቅጥሩ በር አጠገብ ቆመች። የቆረቡት ባልና ሚስቶች አፋቸውን ሸፍነው በአጠገቧ አለፉ፤ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው። ቀናችባቸው። ቄስ ገብረ ሊባኖስ በመጨረሻ ወጡና አዩዋት። ሲጠሯት በክርስትና ስሟ ነው።

«ወለተ ሐና፣ ስንጠብቃችሁ። ምን ሆናችሁ?»

«በላሁ፣ አባቴ። ራበኝ።»

ቄሱ ፊቷን አዩ። በዋግ ያረጁ ካህን ናቸው፤ የራበው ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ የሷ ያ አልነበረም። ስለ ይግዛው አልጠየቁም። ፍልሰታ ሩቅ አይደለም፤ እንደገና ትጀምራላችሁ አሏት።

«እሱ አይጀምርም» አለች ዝናሽ። «እኔንም ያለሱ አያቆርቡኝም። ብቻዬን ብጾም ምን ያደርግልኛል?»

«እስከ ዛሬስ ለማን ብለሽ ጾምሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች። መልሷ አሁን እቤቷ ጠላ እየጠጣ ነው። ለአንድ የንስሐ አባት እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይናገሩታል? እንባዋ መጣ፤ በነጠላዋ አፏን ሸፈነችና፣ የቆረበ ሰው እንዳትመስል ደንግጣ ወዲያው አወረደችው።

«ፍልሰታንስ ለማን ትጾሚያለሽ?» አሉ ቄሱ።

«እንጃ፣ አባቴ።»

«ይህንኑ እንጃሽን ይዘሽ ጀምሪ» አሉና መስቀላቸውን አሳለሟት።