ስንዝር የጎደለው በር

የቁምስናው ምእመናን ጉባኤ ሰብሳቢ ቡናው እጁ ላይ እየቀዘቀዘ ለአዲሶቹ ለቀስተኞች የበሩን ታሪክ ያወራል። ከቀብሩ ወዲህ ይህን ታሪክ ያልሰማ ወንበር እንኳ እዚያ ቤት አልቀረም። ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቤተ ክርስቲያኑን በር የሠሩት ሟቹ አናጺ ናቸው፤ የጠበበውም ያኔ የነበሩት አባ፣ ሰው ትከሻውን ሰብስቦ በትሕትና እንዲገባ ብለው ስላዘዙ ነው። ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

የሟቹ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ስኒ እየሰበሰበች ትሰማለች። በሐዘን ቤት የሚሰፋ ነገር ባይኖርም ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፤ ከልማድ ያጠለቀችውን ማንም አውልቂው አላላትም።

አክስቷ፣ የአናጺው ታናሽ እህት፣ መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበሯ ተቀምጣለች። በቀብሩ ዕለት ወንበሩ በበሩ አላልፍ ብሎ የወንድሟን ፍትሐት የሰማችው ውጭ፣ ግቢው ውስጥ ሆና ነው። ጎረምሶች ተሸክመን እናስገባሽ ቢሏት፣ በወንድሜ ቀንማ እንደ ጆንያ አልገባም አለች። ይህን ያዩት አዲሱ ቆሞስ፣ የቁምስናው ካህን፣ በሩ ይስፋ አሉ። ሰብሳቢው ግን አሻፈረኝ አለ፤ የሟቹን መታሰቢያ አፈሩ ሳይደርቅ ማፍረስ ነውር ነው። በመጨረሻ ነገሩ የሟቹ ልጅ ላይ ወደቀ። እሷ ይስፋ ካለች ይሰፋል፣ ይቅር ካለች ይቀራል።

እሷ ደግሞ እውነቱን ታውቃለች።

ቁምስናው የተጀመረው ምእመናኑ በተከራዩት የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነበር። የድንጋዩ ሕንፃ ሲጀመር አባቷ ገና ወጣት ነው። የበሩን መቃን ቀድሞ ሠራ፤ ግንበኞቹ አቁመውት ግራና ቀኙን በድንጋይ ገነቡ። የሚለካበት ተጣጣፊ የእንጨት ሜትር ጫፉ ተሰብሮ መጥፋቱን ልብ አላለም። በሜትሩ ቁጥር ልክ የመሰለው በር ስንዝር ጎደለው። ይህን ያወቁት መሠዊያው አልገባ ሲል ነው። ደግነቱ ጣሪያው አልተመታም ነበርና በገመድ ከላይ አወረዱት።

አባቷ አፍሮ ሊጠፋ ልብሱን ሲሸክፍ የጊዜው አባ ደረሱበት። ሂድና በሩን ቀለም ቀባ፣ የቀረውን ለእኔ ተወው አሉት። በምርቃቱ ዕለት ስለ ጠባቧ በር ሰበኩ፤ ሕዝቡም እንባውን ጠረገ። ከዚያ ወዲያ ሰው ባመሰገነው ቁጥር አባቷ አንገቱን ይደፋ ነበር። ትሕትና መሰላቸው፤ እሱ ግን እያፈረ ነበር። የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቱ ሳይዳስስም ለክቶ አያውቅም።

እህቱ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ስትውል እውነቱን ሊናገር ሰብሳቢው ዘንድ ሄደ። ሰብሳቢው ገና ሲያየው ስለ በሩ ማመስገን ጀመረ፤ አባቷ የከፈተውን አፍ ዘግቶ ተመለሰ። ያን ዕለት ለልጁ ብቻ ሁሉንም ነገራት። በወንድ ልጅ ዓይን እንዲያ ያለ እፍረት አይታ አታውቅም። አባቷን ትወደው ነበር፤ አሁን ሕዝቡ ሁሉ ስሙን በበጎ በሚያነሳበት ቀን ስህተቱን እሷ ታውጣው?

"እስቲ ልጄ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ቆሞሱ።

የስኒውን ትሪ አስቀመጠች። አክስቷን አየቻት።

"አባ፣ በሩ የጠበበው አባባ ተሳስቶ ነው" አለች። ከዚያም የተሰበረውን ሜትር፣ መሠዊያውን፣ ስብከቱን፣ ሰብሳቢው ዘንድ ሄዶ ሳይናገር መመለሱን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ሰብሳቢው ስኒውን መሬት አኖረ። "ልጄ፣ ይህን የሚያናግርሽ ሐዘኑ ነው" አላት።

"ሐዘኑማ ዝም አሰኝቶኝ ነው የሰነበተው፣ ጋሼ።"

አክስቷ መሳቅ ጀመረች። "መሠዊያውን በገመድ ሲያወርዱት አይቻለሁ" አለች። "ልጅ ነበርኩ፤ ወጉ እንደዚያ መስሎኝ ነው የኖርኩት።" ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። "ምነው ለእኔ እንኳ ቢነግረኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ብቻውን!"

ሰብሳቢው፣ ያን ዕለት ሊናገር መጥቶ አፉን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው አለ። ከዚያ ወደ አክስቷ ወንበር እያየ፣ ታዲያ ስፋቱ ስንት ይሁን ሲል ጠየቀ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወለቀች። አክስቷ እግር ሥር ተንበርክካ ከጎማ እስከ ጎማ ልትለካ ዘረጋችው፤ ግን ወዲያው አልለካችም። ጫፉን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ሙሉ ነው። ደግማ ዳሰሰችው፤ ከቀብሩ ወዲህ ያልመጣላት እንባ ያን ጊዜ መጣ።