በኢሜይል የመጣ የሠርግ ጥሪ

ሀገራዊው የሳይበር ደህንነት ፖሊሲ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው መሥሪያ ቤታችን ሲደርስ፣ የማስፈጸሙ ሥራ በእኔ በኢፍራህ ላይ ወደቀ። ተጠባባቂ ኃላፊ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ! ከአዲስ አበባ የመጣው ደብዳቤ ቁርጤን ነገረኝ፦ በዚህ ሳምንት ሠራተኛው ተታልሎ ይጫነው እንደሆነ ለመፈተን በድብቅ የማጥመጃ ኢሜይል ይላካል፤ ከሃምሳችን ከሦስት ሰው በላይ ከተጠመደ ሹመቴን ልርሳው።

አንድ ወር ሙሉ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ስመክር ከርሜአለሁ። ሐሙስ ጠዋት ኢሜይሉ መጣ። የሠርግ ጥሪ! "ካርዱን ለማየት እዚህ ይጫኑ" ይላል። ድሬዳዋ ውስጥ ሠርግ ተጠርቶ የሚቀር ማን አለ? አለቀልኝ አልኩ።

እየሮጥኩ መዝገብ ቤት ገባሁ። የክፍሉ ሹም ጋሽ ካሣ ፊታቸው በንዴት ቀልቷል።

"ተጫኑት እንዴ?" አልኳቸው።

"ምኑን ነው የምጫነው? አጠፋሁት እንጂ! ሰው በእግሩ ቤቴ መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ በአፉ ካልጠራኝ ጥሪ ነው እንዴ? ንቀት ነው አቦ!"

ሌሎቹ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ናፊሳም ኸባብም፣ አኩርፈው አጥፍተውታል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተቀይሞ አንድም ሰው አልተጠመደም! ጋሽ ካሣን አገላብጬ ሳምኳቸው።

ዓርብ ፈታኙ ግሩም ራሱ ከአዲስ አበባ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል።

"ዜሮ!" አለኝ። "እንዲህ ያለ ውጤት አይቼ አላውቅም።"

ልቤ ጮቤ ረገጠ። ቀዝቃዛ ውሃ አቀረብኩለት፤ ማራገቢያውን ወደሱ አዞርኩለት።

"ሪፖርቱን አሁኑኑ ልልክልሽ ነበር" አለ፤ "ላፕቶፔ ግን ባትሪ ጨረሰ።"

የምሥራች ይዞ በዚህ ሙቀት የመጣ እንግዳ እንዴት ይቸገራል?

"ወላሂ፣ በእኔ ኮምፒውተር ሥራ!" ብዬ ወንበሬን ለቀቅሁለት። ፓስወርዴንም ፊደል በፊደል ነገርኩት።

ግሩም ፓስወርዱን ጽፎ ጨረሰና እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። "ኢፍራህ፣ ፈተናው ያለቀው ገና አሁን ነው።"

ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት! አፈርኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቅ አሸነፈኝ፤ እሱም ሳቁን መያዝ አልቻለም። እየሳቀ የጻፈው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ የተጠመደ ሠራተኛ አንድ። መሥሪያ ቤቱ አልፏል፣ ሹመቱ ይጽደቅ። የተጠመደው ሠራተኛ ለሦስት ቀን ሥልጠና ይግባ።

አሠልጣኟ ደግሞ እኔው ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ባዶው አዳራሽ ፊት ቆሜ ትምህርቱን ልጀምር ስል፣ ጋሽ ካሣ መዝገብ ይዘው ገቡ፤ ሠልጣኝ ይቆጠር ብለው ስሜን ጠሩ።

"አቤት!" አልኩ። ኃላፊ ሆኜ የዋልኩበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።