ዛፍና መሰላል

ቀለም ቀቢዋ የልጅ ልጄ አሁን የምንኖርበትን አገር ዜግነት ልትቀበል ቃለ መሐላው ብቻ ሲቀራት ባለሥልጣኖቹን «ትንሽ ይቆየኝ» ብላ መጣች።

«ምን ነካሽ? በሩ ተከፍቶልሽ!»

«እምዬ፣ የተወለድኩበትን አገር ኤምባሲ ጠየቅኩ። ሳላስፈቅድ ከማልኩ የድሮው ዜግነቴ ይሰረዛል። ቀድሜ ካስፈቀድኩ ግን ሁለቱንም እይዛለሁ። እናቴን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ቪዛ ልለምን?»

«እስከዚያ እነዚህ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም!»

ሳቀች። የሳሎናችንን ኮርኒስ ልትቀባ ያመጣችውን መሰላል ሁለት እግሮቹን ገጥማ መሬት ላይ አቆመችው፤ ተንገዳገደ። ከፈተችውና ጫፉ ድረስ ወጣችበት።

«መሰላል እንጂ ዛፍ አይደለሁም እምዬ። እግሩን ሲያራርቅ ነው የሚቆመው።»

ዕድሜ ልኬን በዚያ ተረት የሰው አፍ ስዘጋ የመለሰልኝ አልነበረም። የኔ ጉድ! እኔ ብሆን የሰጡኝን ፈርሜ እልል ብዬ ነበር የምወጣው፤ እሷ ግን ከመማሏ በፊት ጠየቀች።

ስጋቴ ባይለቀኝም ተነስቼ መሰላሉን ያዝኩ።

«አይወድቅም እኮ!»

«አውቃለሁ። አንቺ ብቻ ነገ ፈቃዱን ሳትጠይቂ እንዳትውዪ።»