እኩል ዋጋ

«እትዬ፣ እዚህች ጋ ብቻ ፈርሚልኝ» አላት ታናሽ ወንድሟ፣ ወረቀቱን ቀለም በጠጣው ጠረጴዛዋ ላይ እየዘረጋ።

እጇን በጨርቅ ጠርጋ አነበበችው። ድርሻዋን ለእሱ እንድትሸጥ የተዘጋጀ ውል ነው። አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ የቀለም ፋብሪካቸውን ሊገዛ መጥቶ፣ ሰዎቹ ሳምንቱን ሙሉ ግቢውን ሲዞሩ ሰንብተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ቀለሙን የቀመመችው እሷ፣ እንግዶቹን እየመራ ፎቶ የሚነሳው ግን እሱ። አባታቸው ሲናዘዝ ከመቶ ሰማንያውን ለወንድ ልጁ፣ ሃያውን ለእሷ ሰጥቶ አለፈ። ያን ቀን የገባባት ቅናት ከሆዷ ወጥቶ አያውቅም። ትናንት ደግሞ እንግዶቹ «ይህን ሰማያዊ ማን ቀመመው?» ቢሉት «እኔ» ብሎ መመለሱን ሰምታለች።

«ዋጋው እነሱ ለአንተ ከሚከፍሉት ጋር አንድ ነው?»

«ምን ልዩነት አለው? በአንድ እጅ ሲሸጥ ቶሎ ያልቃል።»

«ጠየቅኩህ እኮ!»

«ፈርሚ ብቻ» ብሎ ብዕሩን ዘረጋላት። ወረቀቱን አንስታ ወደ ስብሰባ አዳራሹ ወጣች፤ እሱም ተከተላት። የገዢዎቹ ጠበቃ ውሉን ስታነብ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይህንን አይፈርሙ። ለትልቁ ባለድርሻ በአንድ አክሲዮን የተከፈለው ዋጋ ለትንሹም መከፈል አለበት፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ብንደብቅዎት ነገ ግዢው ይፈርስብናል።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። እሷም ልቧ ይሞላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልሞላም። ገንዘቡ ቢስተካከል የአባቷ ኑዛዜ አይስተካከል!

«አልሸጥም ብልስ?»

«መብትዎ ነው። አንዲት አክሲዮን እንኳ ብትኖርዎ የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ገብተው ይጠይቃሉ፣ ድምፅ ይሰጣሉ።»

«እሱስ?»

«እሳቸው ሁሉንም ስለሚሸጡ ከእንግዲህ ቦታ የላቸውም።»

«የእኔ ስንት ነው?»

«አራት መቶ አክሲዮን።»

«ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኙን ለእናንተ እሸጣለሁ።»

«እትዬ፣ አንዷ ምን ልታደርግልሽ ነው?» አለ ወንድሟ ግራ ገብቶት።

«አንተ የማትገባበት ታስገባኛለች» አለችና ብዕሩን ከእጁ ወሰደች።