የአሚራ ጉልበት ወዴት ገባ?

ኸጣብ መኪናውን አሚራ ነው የሚላት። ስድስት መቶ አርባ ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፤ እሱ ሲያወራ ግን ሚሊዮኑን ካለፈች ቆይታለች፣ ቆጣሪዋም ደክሞት ወደ ኋላ መቁጠር ጀምሯል። ድሮ ነጭ ነበረች። የሳዑዲዋ የደማም ፀሐይ ልሶ ልሶ የቆየ እርጎ አስመስሏታል። ሃያ ዓመት አብረው ሲኖሩ አንድ ቀን አኩርፋው አታውቅም ነበር፤ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን ቤንዚን ሲረግጥላት ትጮኻለች እንጂ አትሄድም።

አትሄድም ስንል እንዲያው ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። የኾበር መንገድ ላይ ግመል የጫነ ፒካፕ አለፋት። ይሁን፣ ፒካፕ ነው። የውሃ ቦቴ አለፋት። እሱም ይሁን። በመጨረሻ ባሕሩ ዳር ሕፃን በጋሪ የምትገፋ ሴት ቀደመቻት፤ ሕፃኑም ዞር ብሎ በእጁ ተሰናበታቸው። ይህን ያየው ኸጣብ ብቻ ነው፤ ግን ወላሂ ብሏል።

ሚስቱ ዘይቡን ያበሸቃት ሕፃኑ አይደለም። የጁምዓው ነው። ጁምዓ በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ሐበሾች በየመኪናቸው ተከታትለው ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳርቻ ይወርዳሉ፤ ሥጋ ይጠበሳል፣ ወሬ ይጠበሳል። ባለፈው ጁምዓ አሚራ ስትደርስ ሰዉ ምንጣፉን እየጠቀለለ ነበር። ለዘይቡ የተረፋት ከድስቱ ቂጥ የተፋቀ እርር ያለ ሩዝ ነው።

"ስማኝ አንተ፣" አለችው። "የፊታችን ጁምዓም መጨረሻ ከደረስን፣ ቅዳሜ ይቺ መኪናህ ተሽሊሕ ትገባለች። እዚያው እንደ አሮጌዎቹ መኪኖች ቆራርጠው ይጣሏት።"

"አሚራን?"

"አሚራን። ኸላስ!"

ኸጣብ ምሳ አልበላ አለው። በማግስቱ እየገፋትም እየነዳትም ጋራዦች መንደር ወደሚሠራው ወደ ኢብሳ ወሰዳት። ኢብሳ የጅማ ልጅ ነው፤ ሞተር ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል።

"ምን ሆነችብዎ ጋሼ?"

"ጉልበት ከዳት። ስረግጣት ታስባለች። አስባ አስባ 'እስቲ ነገ' ትላለች።"

ኢብሳ ካንዴላዎቹን ፈቶ አየ፤ ደህና ናቸው። የአየር ማጣሪያዋን አራገፈ፤ የወጣው አሸዋ በኸጣብ አቆጣጠር አንድ ክፍል ቤት ያስለስናል። አዲስ ገባላት፤ ያው ናት። የቤንዚን ማጣሪያ ቀየረላት፤ ያው። ጭስ ማውጫዋ ተደፍኖ ይሆን ብሎ መዳፉን ከኋላዋ ደቀነ፤ ትተነፍሳለች። ኮምፒውተሩን ሰካባት፤ ኮምፒውተሩም አንዳች ጥፋት አጣባት።

"ማፊ ሙሽኪላ ይላል፣" አለ ኢብሳ።

"አየህ፣ እሱም ወደዳት።"

ኢብሳ ራቅ ብሎ ቆመና አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት። "ጋሼ፣ መኪናዎ ግን ወደ ሰማይ ነው የምታየው።"

"ዱዓ ላይ ናት።"

"የምን ዱዓ! ኋላዋ ቁጭ ብሏል። ሞላው ሊሰበር ነው። ኧረ እዚህ ውስጥ ምን አለ?" ብሎ የኋላ መክፈቻዋን ሊይዝ ሲል፣ ኸጣብ ዘሎ ላይዋ ላይ ተቀመጠ። አሚራ ሌላ አራት ጣት ሰጠመች።

"እንዳትነካ! አደራ ነው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ አገር የሚላክ ዕቃ ያለው ሁሉ ዘይቡ ዘንድ ያስቀምጣል፤ መንገደኛ ሲገኝ ይላካል። መንገደኛው ግን የራሱ ኪሎ ሞልቶበት ጥሎት ይሄዳል። ዘይቡ ደግሞ እምቢ ማለት አልፈጠረባትም፤ ሳሎኗ እንዲጣበብባትም አትወድም። ስለዚህ አሚራ ውስጥ ትከተዋለች። አደራ አይፈታም፣ አይመዘንም። "ኧረ ይሄ ይከብዳል" ማለትማ ባለቤቱን ሌባ ከማለት እኩል ነው።

"ስንት ናቸው?" አለ ኢብሳ።

"ሠላሳ አንድ። ግን ቀላል ናቸው።"

"ማን አለ?"

"ባለቤቶቹ ናቸዋ! ከባድ ነው ብሎ የሰጠን አንድም የለ። ሠላሳ አንድ ሰው ተሰብስቦ ይዋሻል?"

ኢብሳ ቁልፉን ተቀበለ። አሚራን ጎረቤት ያለው የብረት ነጋዴ የመኪና ሚዛን ላይ አወጣት። መዝገቧ ላይ ከተጻፈው ክብደት ሦስት መቶ ሰማንያ ኪሎ ትርፍ ሆና ተገኘች።

"ጋሼ፣ አምስት ጎረምሳ ደብቀው ነው የሚዞሩት።"

ኸጣብ አላመነም። አል ነኺል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ለምትሠራው ለትርፌ ደወለ።

"ትርፌ እህቴ፣ ያቺ ለወንድምሽ ያልሽን ፌስታል ምን ነበረባት?"

"ልብስ ናት ጋሼ።"

"ልብስ ብቻ?"

ትርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች። "በልብሱ የተጠቀለለች ትንሽ ብረትም አለች። የማዳም ልጅ ጡንቻ አወጣለሁ ብሎ ሳምንት አንስቶ የተዋት። ወንድሜ ደሴ ላይ ስፖርት ቤት ሊከፍት አይደል!"

"ስንት ኪሎ ትሆናለች?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሼ? ሦስት ሆነን ነው የተሸከምናት።"

ኸጣብ ቤቱ የገባው ደረቱን ነፍቶ ነው። "ዘይቡ! የአሚራን ጉልበት የበላሽው አንቺ ነሽ!" ብሎ ጀምሮ ሚዛኑንም፣ ብረቱንም፣ አምስቱን ጎረምሶችም ነገራት። አምስቱ ሲያወራ ስምንት ሆነዋል።

"እንዲያ ከሆነ እናራግፋታ፣" አለች ዘይቡ።

"ወዴት?"

ሁለቱም ሳሎኑን አዩት። አዲሱ ወርቃማ ዘርፍ ያለው መከዳ ዙሪያውን ተደርድሯል፤ እንግዳ እንኳ በእጁ ብቻ ዳበስ አድርጎት መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

"ተሽሊሕ ብንሰዳትስ?"

"ያኔም አደራው መውጣቱ አይቀርም። ያው እዚህ ነው የሚገባው። ብረቱን መከዳው ላይ፣ የቀረውን ..."

"በቃ፣ በቃ!" ዘይቡ ቁጭ አለች። ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። በመጨረሻ እንደ ዳኛ ተነሳች። "መኪናህን ማንም አይነካትም። እንዳለች ትኑር።"

"ጁምዓስ?"

"ሱብሒ ሰግደን እንነሳለን።"

ጁምዓ ዕለት ጎህ ሲቀድ ወጡ። ሁሉም ነገር አለፋቸው፤ ኸጣብ እንደሚለው የራሳቸው ጥላ ሳይቀር። ቢሆንም የሚቀድማቸው ሐበሻ ገና በብርድ ልብሱ ውስጥ ነበር። ኸጣብ ጁምዓውን ባሕሩ አጠገብ ካለው መስጊድ ሰገደ፤ ዘይቡ ጥላ ያለበትን ቦታ መርጣ ከሰሉን አያያዘች። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አንደኛ የሚደርሰው ባሲም ከአዲስ መኪናው ሲወርድ፣ ኸጣብ ሦስተኛውን ጎድን እየጋጠ ነበር።

"ያ አኺ! ምኗን አሠራሃት?"

ኸጣብ አጥንቱን አስቀምጦ አፉን ጠረገ። "ኢብሳ የሚባል ልጅ አለ። መፍቻ አይዝም። በእጁ ብቻ ነው የነካት።"

"አላህን ፍራ እንጂ!" አለች ዘይቡ፤ ግን አራተኛውን ጎድን አቀበለችው።

ቅዳሜ ጠዋት ኢብሳ ደወለ። ጋራዡ ደጃፍ ላይ አሥራ አንድ መኪና ተሰልፏል፤ አንደኛው ባሲም ነው። "ጋሼ፣ በእጅህ ብቻ ንካልን እያሉ ነው! ምን ልበላቸው?"

"ዳበስ ዳበስ አድርግላቸው፣" አለ ኸጣብ። "ከዚያ በጊዜ ተነሱ በላቸው።"