ፍሪሲዮን የሌላት ሞተር

የከብት ሐኪሟ ግራ እጅ ከጄሶ ሲወጣ ሁለቱ ጣቶቿ አልታጠፍ ብለው ቀሩ። አንዲት ደንባሪ ጊደር ከበረቱ በር ጋር አጣብቃት ነበር። አጥንቱ ገጥሟል፤ አመልካች ጣቷና የመሀል ጣቷ ግን ግትር ብለው፣ ቀኑን ሙሉ ለሰው አቅጣጫ የሚያሳዩ ይመስላሉ። ወጌሻም ሐኪምም ከዚህ በላይ እንደማይሻሻል ነገሯት።

እሷን ያስጨነቃት የጣቶቹ መልክ አልነበረም። የምታክማቸው ከብቶች ያሉት መኪና በማይወጣው ኮረብታ ላይ ነው፤ እዚያ የሚደረሰው በሞተር ብቻ። ሞተር ደግሞ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮኑን በግራ እጅ መጭመቅ ይፈልጋል። መንዳት ካልቻለች አለቃዋ መድኃኒት ማከማቻው ውስጥ ሊያስቀምጣት አስቧል። «ዕረፍት በይው» አላት፣ ሊያጽናናት ብሎ። እቤቷ ገብታ አለቀሰች።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሞተር ፖስታ ሲያድል የኖረ ሰው ነው። ለቅሶዋን በበሩ ሰማ እንጂ አልገባም። በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ቆሞ ጠበቃት።

«ተነሺ፣ ካንዴላ ጋ እንሂድ።»

«ምን ልናደርግ አባዬ?»

«ሞተር እንደ ሰው ነው፤ አንዱ እንቢ ካለሽ ሌላውን ትለምኛለሽ። የመድኃኒት ቦርሳሽንም ያዢ። ባዶ ሞተርማ ማንም ይነዳዋል።»

ካንዴላ መካኒክ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከቅጥነቱ ነው። ነገሩን ሲሰማ እጁን በጨርቅ ጠርጎ መጀመሪያ፣ እጇ ከተሰበረ ጀምሮ እሱ ጋ የቆመውን የራሷን የሥራ ሞተር አወጣላት። ረጅምና አጥንታም ነው፤ የአባጣ ጎርባጣ መንገድ ንጉሥ። ድንጋይ ላይ ስትወጣበት እንደ በቅሎ እግሩን አይቶ ይረግጣል። ሐኪሟ ዓመታት አብራው ኖራለችና ገና ሲነሳ ድምፁ ሆዷን አባባው። ግን ልቡ ጥሩ ሆኖ እጀ ደረቅ ነው፤ ፍሪሲዮኑ ድሮም በአራት ጣት ነበር የሚጨመቀው። አሁን በቀለበት ጣቷና በትንሿ ጣቷ ጎተተችው። እስከ መንገዱ ማዶ እንደምንም ወሰደችው። ስትመለስ አንዲት አሮጊት መንገድ ሲያቋርጡ ልታቆም አለችና ጣቶቿ ዛሉ፤ ፍሪሲዮኑ አመለጣት። ሞተሩ አንዴ ዘሎ ጠፋና አጥር ላይ ተደገፈ።

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔም በሁለት እግሬ ያው እወድቃለሁ» አሉ አሮጊቷ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ሞተሩን እየገፋች ወደ ጋራዡ መለሰችው።

ካንዴላ ሁለተኛውን ገፍቶ አመጣ። ይህ የራሱ ኩራት ነው፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ሆዱ ሰፊ የአስፋልት ሞተር። ፍሪሲዮኑ ቅቤ ነው፤ ሁለት ጣት ይበቃዋል። አስፋልቱ ላይ ስትለቀው ምንም ሳይጮህ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ነፋሱን ሰነጠቀላት። ነዳጅ ትንሽ ስትሰጠው «በቃ? ይኼው ነው?» የሚል ይመስላል። ወደ ጠጠሩ መንገድ ስትታጠፍ ግን ጠባዩ ተለወጠ። ቀስ ማለት አይወድም፤ የፊት ጎማው ጠጠር ላይ ይዋልላል፣ ክብደቱ ወዳጋደለበት ይጎትታታል። በብዙ ጭንቅ አዙራ መለሰችው።

«እህስ?» አለ ካንዴላ፣ እንድታሞግስለት እየጠበቀ።

«ድንቅ ነው። ግን ይህን ይዤ ጭቃ ውስጥ ብወድቅ፣ መጥታ የምታነሳኝ የማክማት ላም ናት።»

አባቷ ሳቀና ወደ ጋራዡ ጥግ አየ። እዚያ አንዲት ትንሽ ሞተር ቆማለች፤ ከፊት የዕቃ ቅርጫት አላት፣ መቀመጫዋ ዝቅ ያለ ነው። የካንዴላ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት፤ የተሰፋ ልብስ ለደንበኞቿ የምታደርሰው በዚህች ሞተር ነው። ሞተሯን ሰፈሩ ጢንዚዛ ይላታል።

«ይቺ የግራ ፍሪሲዮን የላትም» አለ አባቷ። «ማርሿን በእግርሽ ስትረግጪ የቀረውን ራሷ ትጨርሰዋለች።»

«አባዬ፣ ኮረብታውን በጢንዚዛ?»

«እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ።»

«ጋሼ፣ ለጎማው እዘኑለት እንጂ!» አለ ካንዴላ የአባቷን ሆድ እያየ።

ሄዱ። ጢንዚዛ በመጀመሪያ አሳፈረቻት። ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓዱን ሁሉ አንድ በአንድ ትቆጥራለች፤ ድምጿም የስፌት መኪና ነው። ዳገቱ ሲጀምር ሐኪሟ ማርሽ ልትቀንስ ስትል ግራ እጇ ከልማድ የተነሳ ባዶውን ጨበጠ። እግሯ ረገጠ። ሞተሯ ምንም ሳትንገጫገጭ ጉልበቷን ሰብስባ ወጣች። ሌላ መታጠፊያ፣ ሌላ ርግጫ። የታመመው እጅ መሪውን ከመያዝ በቀር የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። ፍጥነት የላትም፤ ግን አታኮርፍም፣ አትቸኩልም፣ የጫኑባትን ይዛ ትሄዳለች። ሐኪሟ ሳታውቀው ትከሻዋ ወረደ።

ኮረብታው አናት አካባቢ አንዲት ገበሬ እጇን እያወዛወዘች ወደ መንገዱ ሮጠች።

«ዶክተር! አንቺ ነሽ እንዴ? እግዜር ነው የላከሽ! ላሜ ከሌሊት ጀምሮ ታምጣለች፣ አልወጣ አለ!»

ሐኪሟ በረቱ ውስጥ ተንበርክካ ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ አስገባች። የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ተጠምዝዟል። ላሟ ስታምጥ እየጠበቀች፣ ስታርፍ እየገፋች፣ በላብ ተጠምቃ ጭንቅላቱን ወደ መውጫው አዞረችው። ከቦርሳዋ ያወጣችውን ገመድ በጥጃው እግሮች ላይ ካሰረች በኋላ መሳብ ቀረ፤ ለዚህ ግራ እጇ አይረዳትም።

«አባዬ፣ ያዝ!»

አባቷ ደም ማየት አይችልም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ። ጥጃው ሾልኮ ጭድ ላይ ወደቀ። አፍንጫውን ስትጠርግለት አስነጠሰ። ገበሬዋ እልል አለች፤ አባቷ ደግሞ «ወጣ? ልዙር?» እያለ ግድግዳውን ይጠይቃል።

ሐኪሟ እዚያው ጭዱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ እንባ ሆነ። ወራት ሙሉ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነስቶ ሄደ።

እጇን ታጥባ ለአለቃዋ ደወለች። ኮረብታው ላይ እንዳለች ነገረችው።

«በምን ወጣሽ?»

«ፍሪሲዮን በሌላት ትንሽ ሞተር። የቢሮው ተላላኪ የሚነዳት ዓይነት።»

«እሱማ ያንቺን ረጅሙን ሲመኝ ነው የኖረው!» አለ አለቃዋ፣ ድምፁ በርቶ። «ተቀያየሩና ተገላገሉ። ሰኞ ወደ ከብቶችሽ።»

ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሯ ራሷ እየያዘቻቸው ወረዱ። አባቷ ከኋላ ስለ ድሮ ሞተሮቹ ያወራ ነበር፤ ነፋሱ ግማሹን ይወስድባታል፤ እሷም ለሁሉም «እ» ትላለች።

ልብስ ሰፊዋ ጋራዡ በር ላይ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻቸው። ጭቃውን፣ ጭዱን፣ ቅርጫቱ ላይ የደረቀውን ነገር አየች።

«ይቺ የኔ ሞተር ናት?»

«ወንድ ጥጃ ነው» አላት የሐኪሟ አባት በኩራት፣ እና ውሃ ሊቀዳ ባልዲውን አነሳ።